ሱሉልታ ላይ የወጣው የምግብ ካርድ

ዛሬ ሱሉልታ፣ አንድ የዶርም ጓደኛችን ቤት ዋልን። በ1989 ከስድስት ኪሎ የተመረቅን አምስት ሰዎች፤ ሦስታችን በመነጽር፣ ሁላችንም በጋቢ። (እንጦጦን ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ያለ ጋቢ አይሞክረው!)

አቦሉ እስኪጠጣ ወሬው ሁሉ ስለ ደም ግፊትና ስለ ልጆች ነበር። ቶናው ላይ የቤቱ ጌታ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ መሃል የምግብ ካርዱን መዘዘ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ፎቶው ላይ ያለው ጎፈሬ ግን እንዳለ ነው። ጭንቅላቱ ላይ የለም እንጂ! እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመን? ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ወንበር ለመያዝ ደብተር ጥለን ወደ ቁርስ የምንሮጠው፣ ለፈተና ሌሊት ከካፌ በኪሳችን የምናወጣው ዳቦ...

«ቆይ፣ የእኔን ዳቦ ከትራሴ ሥር የበላው ማን ነበር?» አለ አንዱ፣ ዛሬም እንደተቆጣ።

ሁሉም ማለ። እኔም ማልኩ። ቡናዬንም አቀርቅሬ ጠጣሁ።