አረፋው ራሱ ወረቀቱ ነው

አባዬ በውሃ ቀለም የሳልኩትን የባህር ሞገድ መስኮቱ ላይ አስደግፎ ብዙ አየው። ከዚያ «ልጄ፣ ውሃው ቆሟል» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ሻዩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ።

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው በባቡሩ ሥራ ነው። ከድሬዳዋ ጅቡቲ ያለውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት ራሱም አይቆጥረውም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን ልጆች ሆነን እንቅልፍ የሚወስደን እሱ ስለ ባህር ሲያወራ ነበር። ዛጎል ያመጣልናል፤ ጆሯችን ላይ አድርገን እንሰማዋለን። ስለዚህ በባህር ጉዳይ እኛ ቤት ዳኛው እሱ ነው። ውሃው ቆሟል ካለ ቆሟል።

ስህተቴ የቱ ጋ እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ሞገዱን ጠቅላላ በሰማያዊ ቀባሁት። ሲደርቅ አረፋ እንዲሆንልኝ ነጭ ቀለም ደረብኩበት። የውሃ ቀለም ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው። ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ወረቀቱ ጋ ይደርስና ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ወፍራም ነጭ ሲደረብበት ያ መንገድ ይዘጋል። አረፋው ግድግዳ ላይ የተለቀለቀ ኖራ ይመስላል። ለካ አረፋ መሆን ያለበት ራሱ ወረቀቱ ነው። ብሩሹ ውሃ ሳይነካ በፊት ሞገዱ የት ላይ እንደሚሰበር መወሰን አለብኝ። አሁን የማልነካውን ቦታ በእርሳስ ስስ አድርጌ አሰምራለሁ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ቦታ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ።

ነጩን በፈሳሽ ጎማ የሚሸፍኑ አሉ። ቀለሙ ሲደርቅ ጎማውን በጣት ያነሱታል። እኔ አልወደውም። የሚተወው ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። የአረፋ ጠርዝ ግን ግማሹ የሰላ፣ ግማሹ የሚጠፋ ነው። ብሩሹን ቀለም አስነክቼ በጨርቅ ጠረግ አደርገዋለሁ። ከዚያ ጎኑን አጋድሜ ሻካራ ወረቀት ላይ ፈጠን አድርጌ አሳልፈዋለሁ። ቀለሙ የወረቀቱን ጉብታ ብቻ ይነካል፤ ጎድጎድ ያለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሚረጨው ውሃ የሚገኘው ከዚያ ነው። ጠርዙ እንዲለሰልስ የምፈልግበት ቦታ ንጹህ ውሃ የነካ ብሩሽ ይበቃል። ሁሉም ሲደርቅ በምላጭ ጫፍ ሁለት ሦስት ቦታ ጫር ጫር አደርጋለሁ። ዊንስሎው ሆመር የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊም በውሃ ቀለም ሥራዎቹ ላይ ነጩን በመፋቅና ቀለሙን በውሃ በማንሳት ያወጣ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 እንግሊዝ አገር፣ ካለርኮትስ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሄዶ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ባህሩ አጠገብ ኖሯል። እኔ ባህር ያየሁት አራት ቀን ነው።

ድሬ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ሙቀቱ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሰማዩን ጀምሬ አድማሱ ጋ ሳልደርስ ወረቀቱ ይደርቅብኛል። የደረቀበት ጠርዝ ደግሞ መስመር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ቬንትሌተሩን አጠፋለሁ። ወፍራሙን፣ ባለ 300 ግራሙን የጥጥ ወረቀት ከፊትም ከኋላም አርሼ መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ። ከሥር ያለው እርጥበት የላዩን ያቆይልኛል። ውሃውም የታሸገ ነው። የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ያ ነገር ቀለሜ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

በከተማችን የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ሄጄ ሞገድ እንዳጠና የመከረኝ ሰው ነበር። ሰውዬው ለድሬ እንግዳ ነው። የ1998ቱን የጎርፍ ሌሊት ያየ ሰው ያንን ውሃ ለሥዕል ብሎ አያየውም።

ጅቡቲ የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ በአዲሱ ባቡር ናጋድ ጣቢያ ድረስ። አባዬ ያወራልንን ሞገድ ፍለጋ ነበር። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ግን ከለል ያለ ነው። ያገኘሁት ሞገድ ጉልበቴ ጋ እንኳን አይደርስም። ቀለሙም እዚያ ከነጭራሹ አልደርቅ አለኝ፤ አየሩ እርጥብ ነው። ወረቀቱን ዘጋሁና ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ትንሹም ሞገድ አሰባበሩ እንደ ትልቁ ነው። ወደ ዳር ሲጠጋ ውሃው ጥልቀት እያጣ ሥሩ ይዘገያል። አናቱ ይቀድመዋል፤ ከዚያ ይደፋል። አንድ ሜትር የሚሆን ሞገድ የሚደፋው ጥልቀቱ 1.3 ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ አረፋ እንደ ልቤ መበተን ተውኩ። ሊደፋ ሲል ደግሞ አናቱ ይሳሳል። ፀሐይ ከኋላው ካለች ብርሃኗ ሰንጥቆት ያልፋል። እዚያች ቦታ ላይ ሰማያዊ የለም፤ የጠርሙስ አረንጓዴ ነው። ለአንድ አፍታ ታይቶ ይጠፋል። ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ብቻ ስጠብቅ ዋልኩ፤ አልሰለቸኝም።

የአረፋው ጥላም ነጭ አይደለም። ወደ ሐምራዊ የሚወስደው ግራጫ ነው። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ላይ ትንሽ የተቃጠለ ሸክላ የሚመስል ቡናማ ጠብ ሳደርግበት ይመጣልኛል። አልትራማሪን ማለት «ከባህር ማዶ» ማለት ነው። ድሮ ቀለሙ ከአፍጋኒስታን ድንጋይ ተፈጭቶ ነው የሚገኘው፤ አውሮፓ የሚደርሰው ባህር ተሻግሮ ስለነበር ስሙ ከዚያ መጣ። ዛጎሎቹን ለሚያስታውስ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ይህ ስም ደስ ይላል።

ባለፈው ሳምንት አዲሱን ሥዕል ለአባዬ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። «አቦ፣ ይሄስ መጥቷል» አለ። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ጣቱን አሸዋው ላይ አደረገና «ግን አልተመለሰም» አለኝ። «ቆመሽ ሳለ ውሃው ሲመለስ አሸዋው ከእግርሽ ሥር ሲሸሽ አልተሰማሽም?»

ተሰምቶኝ ነበር። አልሳልኩትም። ውሃው ሲመለስ አሸዋው ላይ ስስ ሆኖ ይቀራል፤ ሰማዩ እዚያ ውስጥ ይታያል። የቀረው አረፋም እንደ ክር ተስቦ ወደ ባህሩ ይጎተታል። ክሮቹን ከወረቀቱ እንዴት እንደማተርፋቸው ሦስት ቀን እያሰብኩ ነው። ነገ በጠዋት አሸዋውን እርጥብ እንዳለ ቀብቼ፣ ሳይደርቅ በተጨመቀ ብሩሽ ወደ ባህሩ አቅጣጫ እስባቸዋለሁ።