ስልጠናው ላይ ጸሐፊዋ አልነበረችም

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የመምህራን ማህበሩ ተወካይም ነኝ። ጃንዋሪ 2025 ላይ የአይስን (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ወደ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን መግባት የሚገድበው መመሪያ ሲሰረዝ፣ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

ቀላሉን ላሳጥረው። ማህበሩ መግለጫ አወጣ። መብት የሚዘረዝሩትን ቀይ ካርዶች አደልን። ጠበቃ መጥቶ አሰለጠነን።

ያንገበገበኝ ይሄው ስልጠና ነው። የተሰጠው ከትምህርት በኋላ፣ በመምህራን ስብሰባ ሰዓት ነበር። በሩን የምትከፍተው ጸሐፊ ግን የለችም! እሷ፣ ጥበቃውና ሾፌሮቹ የሌላ ማህበር አባላት ናቸው፤ ሰዓታቸው ሲያልቅ ይወጣሉ። ትርፍ ሰዓት ይከፈላቸው ብዬ ትምህርት ቤቱን ለሚያስተዳድረው ካውንቲ ሰዎች ጻፍኩ። በጀት የለም ተባልኩ። ብነዘንዛቸው ለጸሐፊዋ አንዲት ኢሜይል ላኩላት፦ ርዕሰ መምህሩን ጥሪ፣ እሱ ለሕግ ክፍል ይደውላል። እስቲ ልሞክረው ብዬ ወደ ሕግ ክፍሉ ደወልኩ። መልእክት ተዉ የሚል ቅጂ ነው ያነሳው።

አይስ ቢመጣ እኮ እኔ ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነው። የሚያገኙት እሷን ነው።

በመጨረሻ በምሳ ሰዓት ራሳችን አለማመድናት። አንድ ባልደረባችን ጥቁር ጃኬት ለብሶ የበሩን ደወል ደወለ። ማን ነህ ሳትል ጣቷ የበር መክፈቻውን ቁልፍ ተጫነ። ስንት ዓመት የለመደችው ነው፣ ማን ይፈርድባታል? ደጋገምነው። አሁን በሩ እንደተዘጋ ትጠይቃለች፣ የማዘዣ ወረቀቱን በበሩ መስታወት ታያለች። ከላይ የፍርድ ቤት ስም፣ ከታች የዳኛ ፊርማ መኖር አለበት። "አይ-200" የሚለው ቅጽ ማዘዣ ተብሎ ተጽፎበታል፣ ያደናግራል፤ የፈረመው ግን የኢሚግሬሽን ሹም ስለሆነ ለሕዝብ ክፍት ወዳልሆነው የትምህርት ቤቱ ክፍል አያስገባም። የሁለቱንም ናሙና ጠረጴዛዋ ላይ ለጠፍንላት።

ካውንቲው ወላጆችን አታስደንግጡ፣ ጉዳዩን አታንሱ ብሎን ነበር። አልሰማሁም። ለሐበሻ ወላጆች አንድ በአንድ ደወልኩ። አንዷ እናት "እህቴ፣ ስሜን የት ልትጽፊው ነው?" አለችኝ። የትም። እናንተም መምህራን ስለ መኖሪያ ወረቀት አትጠይቁ፣ ቢነግሯችሁም አትጻፉ። በ1982ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕላይለር ውሳኔ መሠረት ልጅ ወረቀት ኖረው አልኖረው ይማራል።

የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ሁለት ይበቃል ይላሉ። እኔ ሦስት አስጽፋለሁ። ሌሊት ኡበር ሲነዳ አድሮ ቀን የሚተኛ ዘመድ ስልክ አያነሳማ! ደግሞ ተጠሪ ማለት ሞግዚት ማለት አይደለም። ልጁን ከትምህርት ቤት ይወስዳል እንጂ በወላጅ ቦታ አይወስንለትም። ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ፣ ወላጅ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ቢያዝ የሚተካ ሞግዚት አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲሰየም ትፈቅዳለች። ይህን የነገረን ጠበቃው ነው፤ ከካውንቲው ኢሜይል ውስጥ የለም።

የጸሐፊዎቹ ስልጠና በክፍያ እንዲሆን ከማህበራቸው ጋር አብረን ጠይቀናል። መልስ አልመጣም።