ቁጥር 14

ነገሩ የጀመረው የ7 ዓመቱ ልጄ ራት ላይ በጠየቀው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን እዚህ አልጽፈውም። ከየት እንደሰማው ስጠይቀው በጣቱ ኮምፒዩተሩን አሳየኝ። ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ ነው። ልጆች ሰው በሚያያቸው ቦታ ይጠቀሙ ብለን። ለካ ሁላችንም አጠገቡ ተቀምጠን የምናመሸው የየራሳችን ስልክ ላይ አፍጥጠን ነው።

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ አይደለህ ኮምፒዩተር የምታውቀው? አንድ ነገር አድርግ እንጂ!"

እውነቱን ለመናገር እኔ የማውቀው ማጥፋትና ማብራት ነው። ግን ልጆች ፊት ይሄ አይነገርም።

ስፈልግ ስፈልግ ብሮውዘር ላይ የሚጫን አንድ ማገጃ አገኘሁ። የማትፈልገውን ቃል ትጽፍለታለህ፤ እሱ ቃሉ ያለበትን ገጽ ሁሉ ይዘጋል። የእንግሊዝኛው ዝርዝር ተዘጋጅቶ አብሮት መጥቷል። የአማርኛው ግን የለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ራሴ መጻፍ ነበረብኝ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቃላት በስንት ላብ ወጡ። ከዚያ እጄ ተፍታታ። ልጅ ሆኜ ኳስ ሜዳ የሰማሁት፣ ሹፌሮች በመስኮት ሲለዋወጡት የሰማሁት፣ ማን እንዳስተማረኝ የማላውቀው ሁሉ ተራውን ጠብቆ መጣ። 30 ላይ ስደርስ ራሴን ፈራሁት። ለካ ይሄን ሁሉ ጉድ ተሸክሜ ነው ሰው ፊት የምቀመጠው!

በዚህ መሃል ሚስቴ ከኋላዬ ቆማለች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ልጆቻችንን እየጠበቅኩ ነው።"

ዝም ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ "22ኛውን በእሳቱ 'ሰ' ብቻ ነው የጻፍከው። በንጉሡ 'ሠ'ም ጨምርበት፤ አለዚያ በጓሮ ይገባል" ብላኝ ሄዳ ተኛች።

ልክ ናት። የአማርኛ ፊደል ለተሳዳቢ ይመቻል። ሦስት "ሀ"፣ ሁለት "ሰ"፣ ሁለት "አ"፣ ሁለት "ጸ" አለው። አንዱን ስድብ ለማገድ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ መጻፍ ሊኖርብህ ነው። እንደምንም 41 አደረስኩት። መጨረሻ ላይ ለጥንቃቄ ብዬ "ጡት" የሚለውን ጨመርኩ። ዝርዝሩ እንዳይጠፋብኝ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ "ለልጆች" በሚል ስም አስቀመጥኩት።

አዎ። "ለልጆች" ብዬ።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ልጄ በር ላይ ተቀበለኝ። "አባዬ፣ ለእኛ የጻፍክልንን አነበብኩት! ቁጥር 14 ምን ማለት ነው?"

ያን ቀን ከቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ከነበረው ሁሉ ባለጌው ፋይል የኔ ነበር። አጠፋሁት። ልጁ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ያስቀመጠውን ማጥፊያ አላገኘሁም። ማንበብ የጀመረ ሰሞን ነውና ከነቁጥሩ ሸምድዶታል።

ማገጃው ግን ሥራውን ቀጥሏል። መጀመሪያ የወደቀችው ሚስቴ ናት። የአራት ወር ሕፃን አለን። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላልና እሷ ስለዚሁ ልታነብ ትከፍታለች። የተዘረጋ እጅ ያለበት ቀይ ገጽ ብቅ ይላል። "ይህ ገጽ ለዕድሜዎ አይመጥንም" ይላል። ሕፃኑን እንዳቀፈች ኮምፒዩተሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

እሱስ ይገባል። በኋላ የመጣው ነው ግራ ያጋባኝ። ዜና ልከፍት ስል ታግዷል። ሌላ ዜና፣ ታግዷል። ስፖርቱም እንደዚያው። የ10 ዓመቷ ልጄ ለቤት ሥራዋ ስለ ታሪክ ልታነብ ብትል ቀዩ እጅ ተዘረጋባት። ሁለት ቀን ሙሉ አገሩ ሁሉ ተባለገ ወይ ስል ከረምኩ።

ያገኘችው ልጄ ናት። ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ 'መግለጫ የሰጡት' ብለህ ጻፍ።"

"እሺ።"

"'የሰ'ን በእጅህ ሸፍናት።"

ሸፈንኳት። የቀረውን አየሁት። ወይ ጉድ!

እስቲ አስቡት። መግለጫ የሰጡት፣ ከስብሰባው የወጡት፣ ዕቃውን የሸጡት፣ ድሉን ያመጡት... ዜና የሚባለው ነገር ያለ "ጡት" አይጻፍም። ባለሥልጣን አንቱ እስከተባለ ድረስ የኔ ማገጃ ሥራ አያጣም። ብቸኛው መፍትሔ ሁሉንም አንተ ማለት ነበር።

በኋላ ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ኩባንያ እንግሊዝ ውስጥ ስካንቶርፕ የምትባል ከተማ ነዋሪዎችን አልመዘግብም ብሎ ነበር። ጥፋታቸው በከተማቸው ስም መሃል አንድ የብልግና ቃል መሸጎጡ ነው። የኮምፒዩተር ሰዎች እስከ ዛሬ ይሄን ዓይነቱን ጣጣ በዚያችው ከተማ ስም ይጠሩታል። ትንሽ ተጽናናሁ። የባሰ አለ።

ለሥራ ባልደረባዬ ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ መከረኝ። "ቃል አታሳድ። ዋይፋይ ራውተሩ ውስጥ ግባና ዲኤንኤሱን 1.1.1.3 አድርገው።" ዲኤንኤስ ለኮምፒዩተሩ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚነግረው ማውጫ ነው። 1.1.1.3 ደግሞ ክላውድፌር የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ ብሎ በነፃ የከፈተው ነው። ኮምፒዩተሩ የአዋቂ ድረ ገጽ አድራሻ ሲጠይቀው አላውቅም ብሎ ይመልሰዋል። ቃል አይቆጥርም። በራውተሩ ለገባ ሁሉ፣ ለኮምፒዩተሩም ለቲቪውም፣ አንዴ ከተሞላ በቂ ነው። አደረግኩት፤ ሠራ። መግለጫ የሰጡትም ወደ ቤታችን ተመለሱ።

አንድ ነገር ብቻ አይችልም። ዩቲዩብ ውስጥ የቱ ቪዲዮ ጨዋ፣ የቱ ባለጌ እንደሆነ አይለይም። ለዚያ ዩቲዩብ ራሱ የተገደበ የሚባል ማስተካከያ አለው። ለየመሣሪያው ለየብቻ ነው የሚበራው። ኮምፒዩተሩ ላይ አበራሁት። ቲቪው ላይም። ስልኬን ተውኩት። የኔን ስልክ ማን ያየዋል ብዬ።

የቲቪውን ቻናሎችም በሚስጥር ቁጥር ቆለፍኩ። ብዙ ቲቪ ከፋብሪካ ሲመጣ ቁጥሩ 0000 ነው፤ እሱን ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከ10,000 ውስጥ የሚስቴን የልደት ቀንና ወር መረጥኩ። ማታ ቲቪው ቁጥር ሲጠይቃት፣ "የኔ ፍቅር፣ ልደትሽን ነው ያደረግኩት" አልኳት በኩራት። ፈገግ ብላ አስገባች። አልከፈተም። እንደገና አስገባች። አልከፈተም።

ፈገግታዋ ሲጠፋ አየሁት።

"ቆይ፣ አንተ ስንት ብለህ ነው ያስገባኸው?"

ይሄን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ያለፈው እሑድ አማቴ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው። ሲስቁ እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ከልጆቹ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ስለ እንስሳት የሚያሳይ ፕሮግራም ያያሉ። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ልብስ እያጠፍኩ፣ ስልኬ ላይ አንድ አፉ ልቅ የሆነ ቀልደኛ ከፈትኩ። ማታ ማታ ልጆች ሲተኙ የማየው ነው። ከፍቼ አልጋው ላይ ወርወር አደረግኩት።

ድምፅ የለውም። ድምፅ ጨመርኩ። የለም። አሁንም ጨመርኩ። ጭራሽ እስከ ጫፍ አደረስኩት። ምንም።

በዚህ ጊዜ ከሆነ ቦታ ስድብ ይሰማኛል። የጎረቤት ግድግዳ ነው ብዬ አሰብኩ። እየጨመረ መጣ። ተናደድኩ። ሰው እንዴት ልጆች በሚሰሙበት እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ድምፅ ይከፍታል? እሑድ ቀን! ሄጄ በራቸውን አንኳኩቼ ልነግራቸው ልብሱን ጣል አድርጌ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ነው የቀልደኛውን ሳቅ የለየሁት።

ለካ ቪዲዮውን ስከፍት ጥግ ላይ ያለችውን የቲቪ ምልክት ነክቻታለሁ። ዩቲዩቡ ሳሎን ሄዷል። የስልኬ ድምፅ መጨመሪያም አብሮ ሳሎን ሄዷል። ቁልፉ ቻናል እንጂ ከስልክ የሚመጣ እንግዳ አይዝ! 1.1.1.3ም ዩቲዩብ መሆኑን አይቶ አሳልፎታል። ቲቪው ላይ ያበራሁት የዩቲዩብ ማስተካከያም አልያዘውም።

ሮጬ ገባሁ። ሪሞቱ የለም። አማቴ በሁለት እጃቸው የትንሹን ልጅ ጆሮ ጥርቅም አድርገው ይዘዋል። ልጁ ግን ከመሃል ሆኖ በደስታ ይዘላል።

"ቁጥር 9! ... ቁጥር 27! ... አባዬ፣ አባዬ፣ ቁጥር 14 አለ!"

የቲቪውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ቤቱ ጭጭ አለ። አማቴ የልጁን ጆሮ ለቀቁ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ።

"ለመሆኑ እነማን ናቸው ይሄን ባለጌ እዚህ ቤት ያመጡት?"

ማንም አልመለሰም። ትልቋ ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"አባዬ፣" አለች በሹክሹክታ፣ "አያቴ አሁን ያሉት እኮ ይታገዳል።"