እንቁራሪት ያነሳችኝ ቀን

ለጥምቀት ባሕር ዳር ገብቼ ከአብሮ አደጎቼ ጋር ጣና ዳር አንዲት ዓሣ ቤት ተቀምጠናል። ያዘዝነው ጥብስ ገና አልደረሰም። አንደኛው፣ መምህሩ፣ «እንደው እውነቱን ንገረን፤ ጥቅምት ላይ በቴሌቪዥን ያየነው ያ ሁሉ የአሜሪካ ሰልፈኛ፣ ፖሊስ ቆሞ እያየው፣ በሰላም ቤቱ ገባ?» አለኝ። ገባ አልኩት። «ታዲያ ምኑን ትግል ሆነ? ሽርሽር አትለውም!»

እኔም እዚያው እንደነበርኩ አያውቅም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ያኔ ዓሣው እስኪመጣ አወጣሁት።

ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። (አዎ፣ ዲግሪ አለኝ። አዎ፣ ከባሕር ዳር ፖሊ።) ጥቅምት 8 ቀን 2018፣ ቅዳሜ፣ አለቃዬ ትራምፕን የሚቃወመው «ንጉሥ አንፈልግም» የሚለው ሰልፍ ላይ አብረን እንውጣ አለችኝ። በዚያ ቀን ከ2,500 በላይ ቦታ የተጠራ ሰልፍ ነው። ንጉሥ ማውረድ ከሆነማ እኛን ጠይቁን ልላት ነበር፤ የኛን መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስ ሸኝተናቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጣብንን ግን አትጠይቁን።

ለእኔ ሰልፍ ማለት ነሐሴ 1 ቀን 2008 ነው። እሑድ ነበር። የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አምነስቲ በዚያ አንድ ቀን ባሕር ዳር ላይ ብቻ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ተናግሯል። ስለዚህ እንደማውቀው ተዘጋጀሁ። ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ የወንድሜን ስልክ ጻፍኩ። የጫማዬን ክር ሁለቴ ቋጠርኩ። ቁርሴንም ጥግብ አልኩ፤ ከታሰሩ በኋላ መቼ እንደሚበላ አይታወቅም። አለቃዬ ውሻዋንና ታጣፊ ወንበሯን ይዛ መጣች።

ከምክር ቤታቸው ከካፒቶል አጠገብ ሰው እንደ ጉድ ነው። ቡና በእጁ፣ ልጅ በጋሪ፣ ከበሮ፣ ፊኛ። በአየር የሚነፋ የእንቁራሪት ልብስ የለበሱም አሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ ማራገቢያ ያጉረመርማል። ሰላም ነው ብዬ ገና ትከሻዬን ሳላላ ከኋላዬ አንድ ፊኛ ጧ! አለ።

መሬት ላይ ነኝ። በደረቴ። ጭንቅላቴ የሕፃን ጋሪ ሥር ገብቷል፤ ሕፃኑ ቁልቁል እያየኝ ይስቃል። ቀና ስል አንዲት አረንጓዴ እንቁራሪት ጎንበስ ብላ «አር ዩ ኦኬ?» ትለኛለች። እጄን ይዛ አነሳችኝ። አለቃዬ ለሰዎቹ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ አገሬ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። ያን ጊዜ አጨበጨቡልኝ። መውደቄስ ይሁን፤ ያ ጭብጨባ ግን እስከ ዛሬ ሌሊት ያነቃኛል።

ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ መምህሩ ግን ጥያቄውን አልተወም። እውነቱን ለመናገር የኔም ሐሜት አለ። ያች አለቃዬ በኦባማ ዘመን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከአገር ሲባረር ከሶፋዋ አልተነሳችም፤ ራሷ ነች የነገረችኝ። ኦባማ ሲገባ ደግሞ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2009፣ ሻይ ፓርቲ የተባሉት የወዲያኛው ወገን ሰዎች ወጡ። የራስ ሰው ወንበር ላይ ሲወጣ እግር ይከብዳል። «እንደ እምቦጭ ነቀላ በለው፤ ካሜራ ሲመጣ ሁሉም ቦቲ ያጠልቃል» አለ ሌላው።

የኛዎቹስ? ስንት ክረምት ስቴት ዲፓርትመንት በር ላይ የጮኸ ሰው ሐምሌ 21 ቀን 2010 ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር ገብቶ ለአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር እንባ በእንባ ሆነ። ዛሬ ከዚያው ሰው ግማሹ ተመልሶ በሩ ላይ ነው። አንዳንዱም ሰልፍ የሚመጣው ባንዲራ ለብሶ ፎቶ ሊነሳ ነው፤ ለጥገኝነት ኬሱ። አልፈርድም፣ ወረቀት ያጣ ሰው ምን ያድርግ። እናንተ ለመምጣት የምታስቡ ግን፣ እዚያ መናገር ነጻ ነው ሲሏችሁ በደንብ ጠይቁ። እንደ ፈረንጆቹ መጋቢት 2025 ግሪን ካርድ በእጁ ያለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ሰው ለፍልስጤም በወጣው ሰልፍ ምክንያት ተይዞ ከሦስት ወር በላይ ታስሯል። እንቁራሪት የሚለብሱት ዜጎቹ ናቸው። ዜግነት ሳትይዙ ፊኛ ካለበት ራቁ።

ትግል ካላችሁኝ እኔ የማስታውሰው አክስቴን ነው። በዚያው በ2008 ነሐሴ ከተማው ከቤት አንወጣም ብሎ ሲቀመጥ እሷም የአትክልት ሱቋን ዘጋች። መፈክር አልያዘች፣ ፎቶ አልተነሳች። ቲማቲሟ እንዳለ በሰበሰ። የዚያን ሳምንት ዕቁቧን የከፈለችው ጉትቻዋን ሸጣ ነው።

ዓሣው መጣ። መምህሩ አጥንቱን እየለየ ድንገት፣ «ቆይ፣ ቅዳሜ ነው ሰልፉ ያልከው?»

«ቅዳሜ።»

«ሰኞ ሥራ ገባህ?»

«ገባሁ።»

«እሷስ? አለቃህ?»

«ከእኔ ቀድማ።»

«ከደመወዛችሁ የተቆረጠ ነገር የለም?»

«የለም።»

«በል ብላ፣ ቀዘቀዘ» አለና ሎሚውን ወደ እኔ ገፋው።