ከጎማ ሥርም ከቂምም አወጣኝ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «ካዳንከኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ይኸው ድኛለሁ።

የምኖረው ጅማ ነው፤ ሥራዬ ዳቦ ማከፋፈል። ገና ሳይነጋ ሳጥኑን ከብስክሌቴ ኋላ አስሬ ከፈረንጅ አራዳ ወደ ሄርማታ ለየሱቁ አደርሳለሁ። ጅማን የሚያውቅ መንገዱን ያውቀዋል። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ የትም ቦታ ቀጥ ይላል። ብስክሌተኛው እሱን ሊያልፍ ወደ መሀል ሲወጣ ከኋላ ያለው መኪና ክላክሱን ይለቅበታል። ሹፌሮቹ «መብራት የላችሁም፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ትመጣላችሁ» ይሉናል። እንዲህ የሚያደርግ ከእኛ መሀል የለም አልልም። እኛም «አስፋልቱን የገዛችሁት መሰላችሁ?» እንላቸዋለን። አንዳንዱ ቀን በስድብ ተጀምሮ በስድብ ያልቃል።

ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ሲያካፋ ያደረበት ጠዋት። ከፊቴ የነበረው ባጃጅ ድንገት ቆመ። ወደ ግራ ስታጠፍ አንድ አይሱዙ ጎኔ ደርሷል። የጭነቱ ጠርዝ መሪዬን ነካውና ወደቅኩ። የኋላው ጎማ ሲመጣብኝ አየዋለሁ፤ በጥርሱ መሀል የተሰካው ጠጠር ሳይቀር ታየኝ። «ገብርኤል!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም። ጎማው የብስክሌቱን ቸርኬ አጣጥፎ፣ እግሬን ሰብሮ፣ ከራሴ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ዳቦው በቦዩ ጎርፍ ላይ እየተንሳፈፈ ሲሄድ አስታውሳለሁ። ሦስቱን ሕፃናት ከእሳት ያወጣው መልአክ ነው ያን ጎማ የያዘው።

እግሬ ቀስ ብሎ ገጠመ። መኪናው ለሚጎዳው ሰው የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን መድን ለባለሞተር ተሽከርካሪ በሕግ ግዴታ ነው። ለሕክምናዬ እሱ ደረሰልኝ። ውስጤ ግን አልሻረም። ክላክስ በሰማሁ ቁጥር እንቀጠቀጥ ነበር። ሹፌሩን ጠላሁት፤ እያየ ነው የገጨኝ ብዬ አምኛለሁ። እሱ ታስሯል፣ ሽማግሌዎች ይመላለሳሉ፣ እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ባለቤቴ ማታ ማታ ጧፍ አብርታ «ገብርኤል ሆይ፣ አጥንቱን ጠግነህለታል፤ ልቡንም ጠግንልኝ» ትላለች። እየቆየሁ እኔም ከእሷ ጋር ይህንኑ መለመን ጀመርኩ።

አንድ ቀን የሹፌሩ እናት መጡ። ሙስሊም ናቸው። ቡና በፌስታል ይዘዋል። «ልጄ፣ አላህ ያሽርህ። ልጄን ፍታልኝ ልልህ አልመጣሁም፤ እግርህን ልየው ብዬ ነው» አሉኝ። እጃቸውን ጀሶው ላይ አሳርፈው ዱዓ አደረጉ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «እማማ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ገረመኝ። የለመንነው ነገር በእሳቸው እጅ መጣልኝ።

ታረቅን። ልጁ ከእስር እንደወጣ ጋቢናው ውስጥ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። እሱ ወርዶ በቀኝ በኩል፣ ያን ጠዋት እኔ የነበርኩበት ጋ ቆመ። «በስፖኪዮው እየኝ» አለኝ። ባየው ባየው የለም! ድምፁ ይሰማል፣ ሰውየው አይታይም። ከጭነቱ ፈቀቅ ሲል ነው ብቅ ያለው። አላየኝም ነበር ማለት ነው። «እያየ ገጨኝ» የሚለው ነገር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከልቤ ወጣ። ያን ወንበር ሳላይ ነበር ይቅር ያልኩት፤ እግዚአብሔር ግን ጨምሮ አሳየኝ።

ዛሬ ሥራዬ ላይ ነኝ። ክላክስ አያንቀጠቅጠኝም። ለዳቦ አከፋፋዮቹ ሁሉ የምነግራቸው ነገር አለ፦ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላያችሁት እሱም አላያችሁም፤ ከጭነት መኪና ጎን አትግቡ።

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባችንን ባጃጅ ገጭቶት ሆስፒታል ተኝቷል። ባጃጁን ይነዳ የነበረው ልጅም ታስሯል። ሁለቱንም በጸሎታችሁ አስቡልኝ።