«እኔ ዛሬ የለሁም በለኝ»

ሲዲኤል፣ ማለትም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ካወጣሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከኔብራስካ የበሬ ሥጋ ጭነን ወደ ካሊፎርኒያ እንሄዳለን። ወቅቱ ደግሞ ዐቢይ ጾም! ሁለት ጿሚ ሐበሻ 43,000 ፓውንድ ሥጋ ታቅፈን። ሲጭኑልን ጀምሮ እየተያየን ስንስቅ ነበር።

አሠልጣኜ ዕድሜያቸውን ትራክ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ነገር ስጠይቃቸው ሦስት ይመልሱልኛል። የዚያን ቀን ግን ትራክ ስቶፕ ደርሰን ሚዛን ላይ ልወጣ ስል ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ያለው አልጋ ላይ ወጡ። ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው ሳቡና «እኔ ዛሬ የለሁም በለኝ» አሉ።

የሚዛኑ ወረቀት ወጣ። የፊት ጎማ 11,800፣ የትራኩ የኋላ ጎማዎች 35,200፣ የትሬለሩ ጎማዎች 31,800። ድምሩ ከ80,000 ስለማያልፍ ደህና ነው። ጉዱ ያለው መሃል፣ የትራኩ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው፤ እዚያ የሚፈቀደው 34,000 ብቻ ነው።

መላው ይታወቃል። ታንደሙን፣ ማለትም የትሬለሩን ጎማዎች፣ ማንሸራተት ነው። ጎማዎቹን ከትሬለሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች የሚቆልፈውን ፒን ትስባለህ፣ የትሬለሩን ፍሬን ትይዛለህ፣ ትራኩን ታንቀሳቅሳለህ። ግን ወዴት?

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ ነው አይደል?»

ጸጥ። እንዳልተኙ አውቃለሁ፤ ሲተኙ ያንኮራፋሉ።

ክብደቱ ወደ ኋላ ይሂድ ብዬ ጎማዎቹን ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ላክኋቸው። ሚዛን ላይ ተመለስኩ። 36,400! ጭራሽ ባሰበት። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሾፌር ክላክሱን ያንባርቃል። ሕጉ ለሾፌር በቀን የሚፈቅደው የ14 ሰዓት የሥራ ጊዜ ቆጠራ እንደሆነ ለማንም አይቆምም። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ ሰውየውን ጠላኋቸው። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ይጎድልባቸዋል?

ጥግ ይዤ ቆምኩ። በወረቀቱ ጀርባ ላይ ትሬለሩን ሣልኩት። ከፊት አንድ ተሸካሚ፣ ከኋላ አንድ ተሸካሚ፣ መሃል ላይ ሸክም። ትክ ብዬ ሳየው... ቃሬዛ! ልጅ ሆኜ አያቴ ታመው ከመንደር እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ሲወርዱ አብሬ ሄጃለሁ። ከኋላ የያዘው አጎቴ እጁን ወደ እሳቸው ባስጠጋ ቁጥር ከፊት ያለው ሰው ይቀለው ነበር። ማቃሰቱ ለአጎቴ ነው።

እንግዲያው ታንደሙ መምጣት ያለበት ወደ ፊት፣ ወደ ሸክሙ ነው! የትሬለሩን ፍሬን ይዤ ትራኩን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ገፋሁት። ስድስት ቀዳዳ። ወርጄ ፒኑ መግባቱን በባትሪ አየሁ። ሚዛን።

33,900 እና 33,100።

«ስንት አለ?» የሚል ድምፅ ከጋቢው ሥር መጣ።

ነገርኳቸው።

«የመጀመሪያውን ሚዛን እኔ ከፍያለሁ። ሁለቱ ድጋሚዎች ካንተ ኪስ ናቸው» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሀይዌይ 80 ላይ ሳንወጣ የእውነት ማንኮራፋት ጀመሩ።