ፍሎረንስን በእግር

ዛሬ ትምህርት ስለሌለን የጣሊያኗን ከተማ ፍሎረንስን በእግሬ ስዞራት ዋልኩ። የሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ ካቴድራልን ጉልላት ወጣሁት፤ 463 ደረጃ ነው! መውጫው በሁለት ግድግዳ መሃል ያልፋል፤ አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ ጉልላቱን ድርብ አድርጎ ነዋ የሠራው። ያውም ከመሬት የሚነሳ የእንጨት ድጋፍ ሳያቆም፣ ጡቡን በዓሣ አጥንት ቅርጽ እያሰናሰለ። ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1436 ነው።

እኔን የበለጠ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1441 ከኢየሩሳሌም የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እዚሁ ከተማ ገብተው ነበር። አዲሱን ጉልላት ቀና ብለው አይተውታል ማለት ነው! እዚያ ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ኡፊዚ ሙዚየምን ሰልፉን አይቼ ተውኩት። የአርኖን ወንዝ ተሻግሬ ኮረብታው ላይ ወዳለው ሳን ሚኒያቶ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ፤ ከተማዋ ከዚያ ሆነው ሲያዩዋት ታምራለች።

ለመምጣት ያሰባችሁ ልጆች፣ የጉልላቱን ትኬት ቀደም ብላችሁ ያዙ።